ለከሚሴ ፎቶ አንሺ የትኛው ካሜራ?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ካሜራ ነው። ፎቶ ቤት ለመክፈት ገንዘብ የምታጠራቅሙ፣ ሰርግ እየቀረጻችሁ ራሳችሁን ለመቻል ያሰባችሁ፣ በከሚሴም በባቲም በሰንበቴም ያላችሁ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል፦ የጀማሪ ካሜራ ልግዛ ወይስ አንዴ ጨክኜ የባለሙያውን?

መልሱን ሳላዘገይ ልንገራችሁ። ለአብዛኞቻችሁ የጀማሪው ካሜራ ይበቃል። በሁለቱ መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ላይ ጥቂቱን ብቻ ወስዳችሁ ጥሩ ሌንስ ግዙበት። ይህ ምክር የማይሠራለት ሰውም አለ፤ እሱ ጋ እንደርሳለን። በመጀመሪያ ግን ገንዘባችሁ ምን እንደሚገዛ አብረን እንይ።

ካኖን 2000ዲ የተባለው የጀማሪ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከነሌንሱ ወደ 550 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ የባለሙያ ካሜራ ነው፤ ያለሌንስ ባዶውን 3,499 ዶላር ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው፣ ያውም ሌንሱ ሳይጨመር። ካሜራ በዶላር የሚገባ ዕቃ መሆኑን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድሮም ውድ የነበረ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ካሜራ ሲመርጡ መሳሳት ከድሮው የበለጠ ያስከፍላል።

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሜጋፒክስሉን ነው። እሱ ላይ ብዙ አትቁሙ። 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል፣ 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ 30 ሜጋፒክስል አላቸው። ደንበኞቻችሁ የሚወስዱት 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲታተም የሚያስፈልገው 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። በ24 ሜጋፒክስል የተነሣ ፎቶ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ ቢታተም እንኳ አይደበዝዝም። ኒኮን ዲ1 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ዋጋው ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነ የዜና ባለሙያዎች መሣሪያ ነበር፤ የነበረው ግን 2.7 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች በዚያ ካሜራ ያነሡት ፎቶ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጥቷል። ጉርድ ፎቶ ለማንሣትማ የትኛውም ካሜራ ከበቂ በላይ ነው።

እውነተኛው ልዩነት የሚጀምረው ከሴንሰሩ ነው። ሴንሰር ማለት ብርሃን የሚያርፍበት፣ የድሮውን ካሜራ ፊልም ቦታ የያዘው ክፍል ነው። በ5ዲ ማርክ 4 ውስጥ ያለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የ2000ዲው 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ የባለሙያው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ ዝናብ ብዙ ውኃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ ሰፊ ሴንሰርም በአንድ ቅጽበት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ብርሃን ሲያንስ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተኑት ነጠብጣቦች በሰፊው ሴንሰር ላይ የሚቀንሱት ለዚህ ነው።

ብርሃን ሞልቶ በተረፈበት ቦታ ግን ይህ ልዩነት አይታይም። እኛ ያለንበት አገር ደግሞ ብርሃን የማይቸግረው ነው። ከሚሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ የመጀመሪያ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በነሐሴ አጋማሽም እንዲሁ። በበጋ ወራት ከአፋርም ከሌላ አካባቢም ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ጨፋ ሣር የሚወርዱትን አርብቶ አደሮች በቀን ብርሃን በሁለቱም ካሜራ አንሡና 10 በ15 አሳትሙ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የትኛው የውዱ ካሜራ እንደሆነ ደንበኛችሁን ብትጠይቁት በግምት ይመልስላችኋል እንጂ ለይቶ አያውቅም።

ችግሩ የሚመጣው ቤት ውስጥ ነው። ኒካህ የሚታሰርበትን ክፍል አስቡት። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የሙሽራውና የወሊዩ እጆች የሚጨባበጡት ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ደግማችሁ ያዙልኝ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም። የጀማሪ ካሜራ አብሮት ከሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ከሚያቀርበው ሌንስ ጋር እዚህ ይቸገራል። ሌንሱን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ስታቀርቡት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ ይጠብባል፤ የኤፍ ቁጥር ሲበዛ ቀዳዳው ይጠብባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። ካሜራው ብርሃን እስኪበቃው ለሰከንድ አሥራ አምስተኛ ክፍል ያህል ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶው ይደበዝዛል።

በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ወጣት ካሜራዬ ደካማ ነው ብሎ የባለሙያውን ለመግዛት የሚነሣው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የባለሙያው ካሜራ ሰፊ ሴንሰር የሚጨምርላችሁ ብርሃን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከካሜራው ጋር ከመጣው ሌንስ በዚያው ርቀት አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ቅድም ለሰከንድ አሥራ አምስተኛ ክፍል ክፍት መሆን የነበረበት ካሜራ አሁን ለሰከንድ መቶ ሃምሳኛ ክፍል ቢከፈት ይበቃዋል። የሚጨባበጡት እጆች ጥርት ብለው ይወጣሉ። ይህ ሌንስ ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ነበር፣ ክብደቱ 160 ግራም። እኔ ሌንስ፣ ሌንስ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በ125 ዶላር የሚፈታን ችግር በ3,500 ዶላር ለመፍታት መሞከር ለጀማሪ ሰው ከባድ ኪሳራ ነው።

ሌንሱን ስትገዙ ሁለት ነገር ጠንቅቃችሁ እወቁ። የመጀመሪያው፣ ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ በጣም ቀጭን መሆኑ ነው። ከሰውየው ሁለት ሜትር ርቃችሁ ብታነሡ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት የሚለው ከግማሽ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። አንድ ሙሽራ ስታነሡ ያምራል። በሁለት ረድፍ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ስታነሡ ግን የኋለኞቹ ይደበዝዛሉ፤ ያኔ ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 መለስ አድርጉት፣ ብርሃን ካነሰም ፍላሽ ጨምሩ። ሁለተኛው፣ በትንሽ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ80 ያህል ያቀርባል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ብትሉም ሁሉም ሰው አይገባላችሁም። ለጠባብ ቤት በካኖን 24 ሚሊ ሜትር፣ በኒኮን ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይሻላል።

ይህ የማቅረብ ነገር ግን ጥቅምም አለው። በጨፋ ረግረግ ላይ የሚያርፉትን የውኃ ወፎች ወይም ቦርከና ወንዝ ዳር የሚጠጡ ግመሎችን ከሩቅ ለማንሣት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትይዙ፣ በጀማሪው ካሜራ 480 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርብላችኋል። በባለሙያው ካሜራ ያንን ያህል ለመቅረብ እጅግ ውድና ከባድ ሌንስ መሸከም ግድ ይላል። ወፍ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው የጀማሪውን ቢይዝ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ የሰርግ ሥራ ለምትሠሩ ሁሉ ከሜጋፒክስልም ከሴንሰርም በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ድምፅ ነው። በእኛ አካባቢ ሰርግ የሚቀረጸው በፎቶ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ቪዲዮም ይፈልጋል። ቪዲዮው ውስጥ መንዙማ አለ፣ የሽማግሌዎች ዱዓ አለ፣ የእናቶች እልልታ አለ። ምስሉ ቢያምርም መንዙማው ከተዳፈነና ከነፋስ ድምፅ ጋር ከተቀላቀለ ቤተሰቡ ያንን ቪዲዮ ደግሞ አይከፍተውም። ካኖን 2000ዲም ሆነ ሌላው የጀማሪ ካሜራ ኒኮን ዲ3500 የውጭ ማይክራፎን መሰኪያ የላቸውም። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ገዝተው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ካኖን 250ዲ ግን እሱም የጀማሪ ካሜራ ሆኖ የማይክራፎን መሰኪያ አለው። ቪዲዮ ለመሥራት ካሰባችሁ ሻጩ ፊት የካሜራውን ጎን ከፍታችሁ ይህን መሰኪያ በዓይናችሁ እዩት። ከሌለው ለየብቻ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ መግዛት ይኖርባችኋል፣ አለበለዚያም ሌላ ካሜራ ምረጡ።

የባትሪውንም ነገር አስቡበት። መብራት ሲጠፋ ሰርጉ አይቆምም። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ ያነሣል ተብሎ የተመዘገበ ነው። 250ዲው 1,070፣ 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ 900 ናቸው። 2000ዲው 500 ብቻ ነው። የባለሙያ ካሜራ ሁልጊዜ በሁሉም ነገር ይበልጣል ብሎ ለሚያምን ሰው እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ ምስክር ናቸው። አሁን አሁን ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ሚረርለስ የተባሉት ካሜራዎች የሚታየውን ሁሉ በስክሪን ስለሚያሳዩ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳሉ። እነሱን ለሚገዛ ሰው ተጨማሪ ሁለት ባትሪ የግድ ነው።

በዳስ ሥር ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሸራው ቀለም የተነከረ ነው፤ የሰው ፊት ያንኑ ቀለም ይዞ ይወጣል። ነጭ ልብስ የለበሰችን ጠይም ሙሽራ ስታነሡም ካሜራው በልብሱ ንጣት ተታሎ ፊቷን ያጠቁረዋል። ብዙ ሰው ይህንን የካሜራው ርካሽነት ነው ይላል። አይደለም። የባለሙያውም ካሜራ ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው በሁለቱም ላይ አለ፦ ፎቶውን በጄፔግ ብቻ ሳይሆን ሮው በሚባለው አያያዝ አንሡት፣ ቀለሙ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል። ለጠቆረው ፊት ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመር አንድ ደረጃ ግፉት፣ ነጩ ልብስ ግን ዝርዝሩ እንዳይጠፋ እያያችሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች መልመድ አዲስ ካሜራ ከመግዛት የበለጠ ሥራችሁን ይለውጠዋል።

እህቶቻችንን በተለይ ላነጋግር። ሴቶች ለብቻ በሚቀመጡበት ሰርግ ወንድ ፎቶ አንሺ ከበር ይመለሳል። ሙሽራዋ ሒና ስትቀባ፣ ጓደኞቿ ከበው ሲዘፍኑላት ሊያነሣ የሚችለው ሴት ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። ይህ ያለ በቂ ተወዳዳሪ የሚጠብቃችሁ ሥራ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከነባትሪው 449 ግራም የሚመዝነው 250ዲ ዓይነት ቀላል ካሜራ ከትልቁ ይመረጣል። እንግዶቹን አያስፈራም፣ ክንድም አያደክም። ፎቶው ለማን እንደሚታይና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንደሚወጣ ወይም እንደማይወጣ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ካርዱን ከሥራው በኋላ የት እንደምታስቀምጡም አስቡበት።

ታዲያ የባለሙያ ካሜራ ለማን ነው? በሁለት ኢትዮጵያውያን ሥራ ላስረዳ። ግርማ በርታ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉትን ሰዎች በስልኩ ካሜራ እያነሣ፣ ከቀለም በቀር ምንም በሌለበት ጀርባ ላይ ከነጥላቸው ብቻቸውን አቆማቸው፤ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ የኢንስታግራም ድጋፍ ተሸላሚ ሆነ። መሣሪያው ስልክ ነበር። ግርማ ብርሃኑ እስኪያምር መጠበቅ፣ ያልሆነውን ትቶ ሌላ አላፊ አግዳሚ ማንሣት ይችላል። በሌላ ወገን ሙሉጌታ አየነ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁበት ጊዜ፣ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የቤተሰቦችን ሐዘን አነሣ። እነዚህ ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አስገኝተውለታል። የዜና ሰው አቧራ፣ ዝናብና ግፊያ ውስጥ ይገባል፣ ያመለጠው ቅጽበት አይመለስለትም። የባለሙያ ካሜራ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

5ዲ ማርክ 4 ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው። አንዱን ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሙሽራ ሁለት ጊዜ አትዳርም፣ የጠፋ ኒካህ በይቅርታ አይመለስም። 2000ዲውም ዲ3500ውም አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያላቸው። ሌላው፣ የባለሙያው ካሜራ አቧራና ጠብታ እንዳያስገባ መጋጠሚያዎቹ ተደፍነዋል። ፎቶ ሲነሣ ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው ሻተሩም 150,000 ጊዜ እንዲከፈት ተሠርቷል፤ በአንድ ሰርግ 1,500 ፎቶ ብታነሡ መቶ ሰርግ ማለት ነው። በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሣል፣ 2000ዲው 3 ብቻ። በራሱ የሚያነጣጥርበት ነጥብም 61 ነው፣ የ2000ዲው 9።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ግን የሚጠቅሟችሁ ስትፈልጓቸው ነው። ከዓመት በላይ ስትሠሩ ቆይታችሁ ካሜራችሁ የቱ ላይ እንደሚያቅተው በትክክል መናገር ከቻላችሁ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ሰርግ ከያዛችሁ፣ በመንግሥት ኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የዞኑን ዝግጅት ሁሉ የምትቀርጹ ከሆናችሁ፣ ያኔ ተሻገሩ። ምን እንደጎደላችሁ ሳታውቁ የምትሻገሩ ከሆነ ግን የምትሸከሙት ክብደት ብቻ ነው የሚጨምረው። እስከዚያው ድረስ የሁለት ካርዱን ጥቅም በከፊል የምታገኙበት ዘዴ አለ፦ በትንንሽ ካርዶች ተጠቀሙ። ኒካሁን በአንዱ፣ ድግሱን በሌላው አንሡ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይጠፋም። ከተቻለም ሁለት የጀማሪ ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮም ከአንዱ የባለሙያ ካሜራ ያንሳል፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ይሠራል። ጥገና ፍለጋ ካሜራ ይዞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ለሚገደድ ለከሚሴ ፎቶ አንሺ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ አቧራው ደግሞ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ወይም እሑድ ሰንበቴ ስትሠሩ ሌንስ አትቀያይሩ። አንድ ሌንስ ገጥማችሁ ግቡ፣ ከገበያ ወጥታችሁ ቀይሩ። ዝናብ ሲመጣ ፌስታል ቀድዳችሁ ሌንሱን በቀዳዳው በማሳለፍ ካሜራውን አልብሱት፤ ብዙ ባለሙያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ያገለገለ ካሜራ ለምትገዙ እነዚህን አጣሩ። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ወደ ሚረርለስ በማዘንበላቸው ብዙ ባለሙያ የድሮውን ካሜራ እየሸጠ ነው፤ በርካሽ ጥሩ ዕቃ ማግኘት ይቻላል። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አጥብባችሁ ነጭ ወረቀት አንሡና ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። የሌንሱን መስተዋት ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሻጋታ እንዳልያዘው ተመልከቱ። በኒኮን የጀማሪ ካሜራዎች ላይ የድሮ ሌንስ ቢገጠምም ብዙ ጊዜ በራሱ አያነጣጥርም፤ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። በካኖን ደግሞ ኢኤፍ የሚል ብቻ የተጻፈበት ሌንስ ዛሬ በ2000ዲ፣ ነገ በ5ዲ ላይ ይሠራል፤ ኢኤፍ-ኤስ የሚለው ግን 5ዲ ላይ አይገጥምም። ኋላ ለመሻገር የምታስቡ ከሆነ ዋና ሌንሳችሁን ከመጀመሪያው ኢኤፍ አድርጉት። የዕቃው መለያ ቁጥርና የሻጩ መታወቂያ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ የተሰረቀ ካሜራ ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘባችሁም ካሜራውም ይሄዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሱቁ ሂዱ። በሱቁ በር ላይ በፀሐይ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብታችሁ ጨለም ባለው ጥግ ላይ፣ ቢቻል ጠይም ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ፣ በሁለቱም ዓይነት ካሜራ አንሡ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮም በድምፅ ቅረጹ። ካርዱን ቤት ወስዳችሁ በትልቅ ስክሪን ክፈቱት፣ ሁለት ሦስቱን አሳትሙ፣ ወላጆቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን አሳዩ። ነገ ገንዘብ የሚከፍሏችሁ እነሱ ናቸውና የትኛውን እንደሚመርጡ እነሱን ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ሰዓት ስለ ፍላሽ እንነጋገራለን፤ በዳስ ሥር ነጭ አንሶላ ወጥሮ ብርሃኑን እንዴት ማለስለስ እንደሚቻል ይዘን እንቀርባለን።